የጦር ኃይሎች ጭስ ወዴት ይሄዳል?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ማርሽ አስገብቶ ሲነሳ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ጭሱ አየር ውስጥ እኩል አይሟሟም። ይጠቀለላል፣ ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል። አንዱ ጫፍ ወደ ባቡሩ ፌርማታ ሲያዘግም ሌላው ተጠማዞ የተሳፋሪዎቹ ሰልፍ መሀል ይገባል። በእነዚያ ቀጫጭን ክሮች ውስጥ ጥላሸቱ ገና አልሳሳም፤ ጎን ለጎን ከቆሙት አንዷ ስትስበው ሌላው ምንም ላይሸተው ይችላል።

ምክንያቱን ቀድሞ ያሰላው እንግሊዛዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1926 ታተመ። አየር ትልልቅም ትንንሽም ሽክርክሪቶች አሉት። የጭሱ ደመና ትንሽ ሳለ ትልቁ ሽክርክሪት እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል እንጂ አይበትነውም፤ የሚቦጫጭቁት የእሱን ያህል የሆኑት ናቸው። እየሰፋ ሲመጣ ትልልቆቹም ይደርሱበታል። ስለዚህ የተራራቁ ቅንጣቶች ይበልጥ ፈጥነው ይራራቃሉ፦ ርቀታቸው 8 እጥፍ ሲያድግ የመበተኑ አቅም 16 እጥፍ ይሆናል። ሪቻርድሰን በስተርጅናው ይህንኑ ውኃ ላይ ሞክሮታል፤ ካሮት የሚመስል ነጭ የሥር አትክልት ቁርጥራጮች ስኮትላንድ ውስጥ ውኃ ላይ እየጣለ ሲራራቁ ለካ።

በበጋ ጠዋት ነገሩ ይብሳል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ይቀዘቅዛል፤ ብርዳሙ አየር ከሥር ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይከድነዋል። ጭሱን ወደ ላይ የሚያነሳው ሽክርክሪት ይደክማል። ፀሐይዋ አስፋልቱን አሙቃ ክዳኑን እስክትከፍት ተማሪውም ሠራተኛውም ስቦ ጨርሷል።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አየር የተሸከመውን እንዴት እንደሚያጓጉዝ በትልቁ ታየ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ሰማይ ደረሰ፤ እዚያም በረራዎች ተሰረዙ። ሻካራው አፍዴራ አካባቢ ግጦሹ ላይ ሲራገፍ ደቃቁ ከነፋሱ ጋር ነጎደ።

የናፍጣ ጥላሸት ከደቃቁ ወገን ነው፤ ቶሎ አይወርድም፣ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የከተማ የአየር ብክለት የቀን አማካይ ደግሞ ያንን ገና ያልሳሳ ክር አያሳይም፤ ጭስ ማውጫው እናቱ እጁን ይዛው በቆመ ሕፃን አፍንጫ አጠገብ ነው። ተራ አስከባሪዎች ሰልፉን ከመኪኖቹ ኋላ ወደ ጎን ጥቂት ሜትር ቢያዞሩት፣ ክሩ ልጁ ዘንድ ሳይደርስ ለመሰነጣጠቅ ጊዜ ያገኛል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል።