ርካሽ ወር

የጎልፍ ዱላ ነክቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ፣ በወላይታዋ በዴሳ፣ ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው፤ ሜዳ ማለትም በክረምት ከብት የሚግጥበት፣ በበጋ አቧራ የሚነሳበት ቦታ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለሠራሁት ሞኝነት ሁሉ በጎልፍ ሳሳብብ ከርሜአለሁ። ጎልፉ ግን ምንም አላጠፋም።

ነገሩን የለኮሰው አሜሪካ ያለ አብሮ አደጌ ነው። የሚኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ነው። አገሩ በረሃ ነው። በ2015 ክረምት፣ እኛ ዝናቡን ሽሽት ቤት ስንውል፣ እነሱ ዘንድ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ሙቀት 43 ዲግሪ እያለፈ ሰው በፀሐይ ፍርሃት ቤት ይውል ነበር። በዚያ በረሃ መካከል ነው እንግዲህ ያለ መስኖ አንድ ሳምንት የማያድር አረንጓዴ የጎልፍ ሜዳ የዘረጉት። አብሮ አደጌ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በየዓመቱ ቀጠሮ ይዞ፣ ሪዞርት ተከራይቶ፣ 18ቱን ጉድጓድ ሲያሳድድ ይሰነብታል። ፎቶውን ይልክልኛል፤ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጫማ፣ ከኋላው ራቁቱን የቆመ ተራራ። ቀናሁ። ስለ ጎልፉ አይደለም፤ ባልደረቦቹን ሰብስቦ በረሃ የሚወስድ ሰው መባል አማረኝ።

«እንዴት ነው የምታሰናዱት?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱን በቴሌግራም በድምፅ ላከልኝ፤ ረጅም ነበር። ከወራት በፊት እንደሚጀምሩ፣ መጀመሪያ ማን መቼ እንደሚመቸው እንደሚጠያየቁ፣ ገንዘቡን አንድ ሰው እንደሚይዝ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሜዳዎቹ አዲስ ሣር ሊዘራባቸው ለሳምንታት እንደሚዘጉ፣ ከዚያ በኋላ ከብርድ አገር ጡረተኛው ሁሉ ስለሚጎርፍ ዋጋው እንደማይቀመስ ዘረዘረልኝ። ቀጥሎ «ሐምሌ ላይ ዋጋው ይወድቃል፤ ግን ንጋት ላይ ጀምረህ 4 ሰዓት ሳይሞላ ካልገባህ ፀሐይዋ ትጥልሃለች» አለ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ሐምሌ ላይ ዋጋው ይወድቃል» የምትለው ብቻ ናት። ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው ይባላል፤ እኔ ደግሞ መልእክቱን የሰማሁት በእጥፍ ፍጥነት አድርጌ ነው።

መምህር ነኝ። ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ይዘጋል። ያን ጊዜ የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፤ በዴሳ ጭቃ ናት፤ የታጠበ ሸሚዝ ሦስት ቀን አይደርቅም። «እኛስ ለምን በረሃ ወርደን አንሞቅም?» አልኩ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን መረጥኩ። ፏፏቴ አለው፣ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አለው፣ ሳላ የሚባለው ቀንዱ እንደ ጦር የቆመ እንስሳ አለው፣ በስተሰሜን ደግሞ በዘንባባ የተከበበ ፍልውሃ አለው። አዲስ አበባ ሳይገቡ በሻሸመኔ፣ በዝዋይ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ነው። ለአንድ ሎጅ ደወልኩ፤ የነገሩኝ ዋጋ ከጠበቅኩት በጣም ያነሰ ነበር። ጎበዝ ተደራዳሪ መሆኔን ለባለቤቴ አወራሁላት። አልጋው ለምን ረከሰ ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ዕቅዱን ብቻዬን ጨርሼ ነው በመምህራኑ ቴሌግራም ግሩፕ የለቀቅኩት። ቀኑ ተቆርጧል፣ መዋጮው ተተምኗል፣ ሚኒባሱ ተይዟል፤ የቲሸርቱ ቀለም ሳይቀር ተወስኗል። መጨረሻው ላይ «አስተያየት ካላችሁ» የምትል ቃል አስገባሁ። አስተያየት መጣ፤ እኔም እንደ ተከላካይ ጠበቃ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠሁ። የሒሳብ መምህሩ ነዳጅ ቢጨምርስ አለ፤ «እናያለን» አልኩት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ባለቤቱን ይዞ መምጣት ይችል እንደሆን ጠየቀ፤ ዝም አልኩት። የባዮሎጂ መምህርታችን «በሰኔ አዋሽ አይከብድም ወይ?» ብላ ጻፈች። «ቲቸር፣ ፀሐይ እኮ ቫይታሚን ዲ ናት» ብዬ መለስኩላት። ለባዮሎጂ መምህርት! ሳቁብኝ፤ እኔ የሳቁልኝ መስሎኝ ነበር።

ጉዞው እስከ አዳማ ድረስ ዘፈንና ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር መስኮት ተከፈተ፤ የሚገባው አየር ከምድጃ የወጣ ስለሆነ መልሰን ዘጋነው። መተሐራ ጋ የበሰቃ ሐይቅን አየን። በጥቁር የረጋ ገሞራ ሥር የተንጣለለ ውሃ ነው። ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 አልፏል፤ መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም እየገፋ ነው። ይህን ለማስረዳት ማስታወሻ ይዤ ነበር፤ የሚሰማኝ ሰው ግን አላገኘሁም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለራት ብሎ ቆጮ፣ ዳጣና ቅቤ ቋጥሮ መጥቷል። ቅቤው ቀልጦ ከዕቃው ወጥቶ የሒሳብ መምህሩን ቦርሳ አጥለቅልቆታል።

ፏፏቴው ጋ የደረስነው በቀትር ነው። ስለዘገየን አይደለም፤ በእኔ ፕሮግራም ላይ «7:00 ሰዓት፣ የፏፏቴ ጉብኝት» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ሳላ አላየንም። የፓርኩ ጠባቂ ጠመንጃውን ተደግፎ «በዚህ ሰዓት እንስሳውም ጥላ ይዟል» አለን። «እንስሳውም» ያላት ቃል ለእኔ የተላከች መሆኗ ገባኝ፤ ያልገባኝ መስዬ ፎቶ ማንሳት ቀጠልኩ።

በማግስቱ የፕሮግራሙ ዋና ነገር ፍልውሃው ነበር። በዴሳ ሆኜ፣ በዝናብ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ሳቅደው ፍልውሃ የገነት ደጃፍ መስሎኝ ነበር። ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት ቦታ እንፋሎት የሚያወጣ ውሃ ዳር ስንቆም ግን ሁላችንም ተያየን። የሒሳብ መምህሩ ላቡን እየጠረገ «ቲቸር፣ ልንታጠብ ነው ወይስ ልንቀቀል?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ በዚያ ጉዞ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳቀው ያኔ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የባዮሎጂ መምህርታችን ዘንባባ ሥር ተቀመጠች፤ ከዚያ ጋደም አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ውሃ አፈሰስንባት፣ በደብተር አራገብናት፤ እየተደናበርን ወደ መኪናው ወሰድናት። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። አንደኛዋ ጓደኛችን ታውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም። «አይከብድም ወይ?» ብላ የጠየቀችው ለዚህ ነበር። በግሩፕ ላይ በሽታዋን መዘርዘር አልፈለገችም፤ ጥያቄዋን ብጠይቃት ለብቻዬ ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን ቀልድ ነበረኝ።

አዳማ አድርሰን አሳከምናት፤ ተሻላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረውን ሌሊት አላደርንም፤ ቅድሚያ የከፈልኩት ብር እንደማይመለስ አንብቤ የፈረምኩት እኔው ነኝ። በመልሱ ጉዞ ማንም አልወቀሰኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ስንደርስ በር የከፈቱልን ጥበቃው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የት ሄደን እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «መተሐራ? በሰኔ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። ለካ ጎረምሳ ሳሉ መተሐራ አገዳ ቆርጠዋል። ሆላንዶች የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1940ዎቹ፣ የመተሐራን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያቆሙ፣ አገዳ ለመቁረጥ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ የወረደው ሰው ብዙ ነው። ይህን ታሪክ በክፍል አስተምረዋለሁ። የታሪኩ ባለቤት በየጠዋቱ በር እየከፈተልኝ ስገባ ግን «ደህና አደሩ» ከማለት አልፌ ጠይቄው አላውቅም።

«መምህር፣ እኛ ገና ጎሕ ሲቀድ ገብተን ፀሐይ ሳትከር ድርሻችንን እንጨርስ ነበር» አሉኝ። «ክረምት ሲገባ ፋብሪካውም ያርፋል፤ እኛም ለመስቀል አገራችን እንገባለን።» ፊኒክስ ያለው አብሮ አደጌ ከነገረኝ ጋር አንድ ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ፣ ሌላው ከትምህርት ቤታችን በር ላይ፣ አንድ ምክር ነበራቸው። የመጀመሪያውን በእጥፍ ፍጥነት አለፍኩት፤ ሁለተኛውን ጭራሽ አልጠየቅኩም።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ ወላይቶች አብሮ ማቀድ ከማንም አንማርም። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የሚታረደው ሰንጋ በመስከረም አይታሰብም፤ ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ለሥጋው፣ ሴቷ ለቅቤው ትቆጥባለች። የቅርጫው አባላት ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ በሬውን አብረው ያያሉ፣ ያቃተው ካለ አስቀድሞ ይናገራል። ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ በዕጣ ይወሰዳል፤ ሰብሳቢውም ቢሆን ሻኛውን ለብቻው አያነሳም። እኔ ራሴ በሰፈሬ ቅርጫ ስንት ዘመን ተካፍያለሁ። ሪዞርትና ሎጅ የሚል ነገር ሲመጣ ግን የማውቀውን ትቼ አለቃ ሆንኩ። ዘመናዊ ነገር በዘመናዊ መንገድ ነው የሚታቀደው ብዬ ይሆናል፤ ወይም ሻኛውን ፈልጌ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ እንደገና እንሂድ ያለችው የባዮሎጂ መምህርታችን ናት። «በቅዝቃዜው ወራት ከሆነ አዋሽን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። በዚህኛው ጊዜ በቅርጫ ሥርዓት አደረግነው። ገንዘቡን የሒሳብ መምህሩ ያዘ። ጊዜው ለጥር መጨረሻ፣ ለሴሚስተር ዕረፍት ተቆረጠ። ጋሼ መተሐራን ዳግመኛ ሊያዩና ሊመሩን ተስማሙ፤ የእሳቸውን ድርሻ ተካፈልነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ባለቤትም ተመዘገበች። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ እየዞርኩ መጠየቅና መጻፍ ነበር፤ ማን ምን አይመቸውም፣ ማን ምን ይፈራል።

አልሄድንም። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ባሰበት፤ ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቀቀ። ሰው ቤቱን ባጣበት ጊዜ የእኛ ሽርሽር ወሬም አይሆንም። ግን ልብ ያልኩትን ልናገር። ስብሰባ ስንቀመጥ ከሁሉ ይልቅ መሄድ የፈለጉት ጋሼ ቀድመው «ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ እንግዳ ሆኖ አይኬድም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ብሩ በየሰዉ ተመለሰ። ማንም ማንንም አላኮረፈ። የመጀመሪያው ጉዞ ተሄዶ ሰው አስቀየመ፤ ሁለተኛው ሳይሄድ ቀርቶ ይበልጥ አቀራረበን። የዕቅድ መልካምነት በመድረስ ብቻ አይለካም፤ ሲቀርም ሰው የማያጣላ መሆን አለበት።

እርስዎም ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የቤተሰብ ጉዞ፣ የማኅበር ጠበል አሰናድተው ከሆነ «አስተያየት ካላችሁ» የምትለውን ቃል መጨረሻ ላይ ሳይጽፏት አይቀሩም። እኔ አሁን መጀመሪያ ላይ ነው የምጽፋት። ተምሬአለሁ ማለቴ አይደለም። ሰሞኑን ስለ አርባ ምንጭ ጉዞ ወሬ ተነስቶ፣ ለሰዉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ቢሠራስ ብዬ ነበር። ድምፅ ተሰጠ። የደገፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።