ክፉው ዓመት ቀድሞ ሲመጣ

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። በግብጽ ሰባት የጥጋብ ዓመታት ቀደሙ፤ ሰባት የችግር ዓመታት ተከተሉ። እህሉም በዛላው እንዳለ ተከማችቶ ክፉውን ቀን አሻገረ። ለመሆኑ የችግሩ ዓመታት ቀድመው ቢሆንስ ኖሮ? ቁጥራቸው ያው ሰባትና ሰባት ነው፤ ጎተራው ግን ባዶ ሳለ በደረሱ ነበር።

ይህ በቁጠባው የሚኖር ጡረተኛ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። እኛ መምህራን፣ በማባዛት ጊዜ ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥም ብለን እናስተምራለን። በመካከሉ መቀነስ ሲገባበት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ሁለት ጡረተኞች እያንዳንዳቸው 100,000 ብር በንግድ ላይ አዋሉ እንበል። በየዓመቱ መጨረሻ ለቀለብ 10,000 ብር ያወጣሉ። የአንደኛው ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 10 በመቶ አተረፈ፤ በሦስተኛው 30 በመቶ ከሰረ። 75,400 ብር ይቀረዋል። ሌላኛው ያንኑ በተገላቢጦሽ አገኘ፤ ኪሳራው ቀደመ፣ ትርፉ ዘገየ። የሚቀረው 62,800 ብር ነው። ምንም ባያወጡ ኖሮ ሁለቱም እኩል 100,100 ብር ይኖራቸው ነበር። በክፉ ዓመት ተነሥቶ የተበላ ገንዘብ፣ ደጉ ዓመት ሲመጣ አብሮ አያድግም። ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለት ምን ይዘራል?

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ብዙ ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባቸውን በአክሲዮን ያስቀምጣሉ። እዚያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአክሲዮን መለኪያ፣ የትርፍ ድርሻ ተጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 በየዓመቱ ከ20 በመቶ በላይ አስገኘ። በ2000 ወደ 9፣ በ2001 ወደ 12፣ በ2002 ደግሞ ወደ 22 በመቶ ከሰረ። በ1995 መግቢያና በ2000 መግቢያ ጡረታ የወጡ ሰዎች ትጋታቸው አንድ ቢሆን እንኳ እጣቸው ለየቅል ነበር።

ጉዳዩ እኛን ሙስሊሞችን ይበልጥ ይመለከተናል። ወለድ ሐራም በመሆኑ ቁርጥ ያለ ጭማሪ አንጠይቅም፤ በሙዷረባ የገባ ሰው ትርፉንም ኪሳራውንም ይቀበላል። ሱቁን ያስረከበው አባታችን፣ በዐረብ አገር ለፍታ የቆጠበችው እህታችን የሚበሉት ከዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ቀለብ ከንግዱ ውጭ፣ ያለ ወለድ በአደራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በኪሳራ ዓመት ወጪ ይቀነስ፤ በትርፍ ዓመትም ድግስ ከማብዛት ጎተራው ይሞላ። ግመልን ማሰር ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ሦስተኛው የልጆች ድርሻ ነው። የሁለተኛውን ሰው የመጀመሪያ ዓመት ቀለብ ልጆቹ ቢሸፍኑለት ኖሮ በመጨረሻ 77,100 ብር በቀረው ነበር። በጊዜው የተሰጠ 10,000 ብር 14,300 ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ወላጅ ባዶ እጁን እስኪቀር እንጠብቃለን። ገና ጥሪት ሳለው፣ ንግዱ በተቀዛቀዘበት በመጀመሪያው ዓመት፣ «አባባ፣ የዘንድሮው ቀለብ በእኛ ይሁን፤ ገንዘብዎን አይንኩት» ብንል ግን ጥሪቱንም ክብሩንም እንጠብቅለታለን።

አላህ ለወላጆቻችን በጎ የምንውል ያድርገን። አሚን።