የእጅ ምስክር

ሰው ከስሕተቱ የተማረውን ለሌላው ሳይነግር ቢቀር ትምህርቱን እንደ ቀበረው ይቈጠራል። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ሳጥን ላይ የሠራሁትን ስሕተት፥ ከዚያም ያገኘሁትን ምክር፥ ለወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ልጽፈው አሰብሁ። ነገሩ የእንጨትና የቀለም ነገር ነው፤ ነገር ግን ከእንጨትና ከቀለም አልፎ የሚሄድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ከዕቃዋ ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ አንድ የዋንዛ ሳጥን ነበር። ዋንዛ በአገራችን ለቤት ዕቃ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ መሆኑን አናጢ ሁሉ ያውቃል። ሳጥኑ ቡናማ የዘይት ቀለም የተቀባ ነበር፤ ነገር ግን ከዘመን ብዛት ቀለሙ በየቦታው ተላልጦ፥ አንዱ ማጠፊያው ወልቆ፥ አንድ እግሩም ላልቶ ነበር። ጎረቤቶቼ ባዩት ጊዜ «ይህን ለማገዶ አድርገውና አዲስ ግዛ» አሉኝ። እኔ ግን እሺ አላልሁም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ ሌላው የጣለውን ቆርቆሮ፥ በርሜልና ጣውላ እያነሡ እንደገና ለአገልግሎት የሚያበቁትን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁና፥ አሮጌ ነገር ሁሉ የሞተ ነገር እንዳልሆነ ከእነርሱ ተምሬ ነበር። ሳጥኑን ከእሳት በማዳኔ እስከ ዛሬ አልተጸጸትሁም። የተጸጸትሁት ከዚያ በኋላ ባደረግሁት ነው።

በዚያ ወራት አሮጌ ስለሚያስመስለው የቀለም አቀባብ ሰምቼ ልቤ ተነሣሥቶ ነበር። ይህ አቀባብ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተስፋፋ ቈይቶአል። በስዊድን አገር በንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ዘመነ መንግሥት፥ ከ1771 እስከ 1792፥ የቤት ዕቃን በፈዘዘ ግራጫና በነጣ ሰማያዊ ቀለም መቀባት የተለመደ ነበር። ከእንዲህ ያለው ዕቃ የተረፈው፥ ቀለሙ በእጅ ብዛት ተገፎ እንጨቱ ብቅ ብሎ ሲታይ፥ በኋላ የመጡት ሰዎች መልኩን ወደዱት። በ1989 ሬቸል አሽዌል የተባለች ሴት በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ ከተማ መልኩ እንዲህ የሆነ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተች፤ በ1990 ደግሞ አኒ ስሎን የተባለች እንግሊዛዊት፥ አሮጌው ቀለም ብዙ ሳይፋቅ በላዩ የሚይዝ፥ ሲደርቅም እንደ ጠመኔ የሚደበዝዝ ቀለም አወጣች። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሠራሩ ብልሃት ከባድ አይደለም። ያን ቀለም ከሱቅ ማግኘት ያልቻለ ሰው ጥቂት ጀሶ በውሃ በጥብጦ፥ ሦስት እጅ የውሃ ቀለም ከአንድ እጅ ጀሶ ጋር ይቀላቅላል፤ ጀሶ ቶሎ ስለሚጠጥር ለአንድ ጊዜ ሥራ የሚበቃውን ብቻ ያዘጋጃል። መጀመሪያ ጠቈር ያለ ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ፥ ቀለሙ እንዲላቀቅ በሚፈልግበት ጠርዝና ማዕዘን ላይ ሻማ ያሻል። ከዚያ በላዩ ነጣ ያለ ቀለም ይደርባል። ይህም ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢያሸው፥ ሰም የነካው ስፍራ ቀለሙን ስለማይዝ ይለቃል፤ የታችኛውም ብቅ ይላል። በመጨረሻ እንዳይቆሽሽ በሰም ይወለወላል። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ በዚህ ሥራ ግን ሰሙ የተሸፈነውን ይገልጣል። እኔ ግን የሚገለጠው ወርቅ መሆን አለመሆኑን አስቀድሜ አልጠየቅሁም።

የእናቴን ሳጥን አሮጌ ቀለም ከሥሩ ፍቄ፥ የጐረበጠውን በመላጊያ አስተካክዬ፥ የጐደጐደውን በስቱኮ ሞልቼ፥ እንደ አዲስ ጣውላ አለሰለስሁት። ከዚያ ሰማያዊ፥ በላዩም ነጭ ቀብቼ፥ አራቱን ማዕዘን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ሥራዬም እጅግ ደስ አሰኘኝ።

በሳምንቱ የእናቴ ታላቅ እኅት ሊጠይቁኝ መጡ። ዓይናቸው ደክሞአልና ነገርን በእጃቸው ማየት ለምደዋል። «እትዬ፥ የእናቴን ሳጥን አድሼዋለሁ፤ እስቲ ይዩልኝ» አልኋቸው። ቀርበው እጃቸውን በክዳኑ ከንፈር ላይ አሳለፉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፥ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ።

«ምን ይፈልጋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እዚህ መካከሉ ላይ ጐድጐድ ያለ ስፍራ ነበር። እኅቴ ክዳኑን ስታነሣ አውራ ጣቷን የምታሳርፍበት ነው። ለለቅሶ የመጣሁ ጊዜ ዳስሼው ነበር» አሉ።

እኔ ዝም አልሁ። እጃቸው እየተጓዘ ወደ ማዕዘኑ ደረሰ። «እዚህስ ማን ነካው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፥ እትዬ። አሮጌ እንዲመስል ብዬ ፋቅሁት።»

«ልጄ፥ ድሮስ አሮጌ አልነበረም?» አሉ።

በቃላቸው ውስጥ ቍጣ አልነበረም። ቡናቸውን ጠጥተው፥ መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ክዳኑን በየዕለቱ ስታነሣ፥ ነጠላዋን ስታወጣና ስትመልስ፥ ለትምህርት ቤት የሚከፈለውን ገንዘብ ከሥሩ ስትቈጥር የጻፈችውን ጽሕፈት እኔ በስቱኮ ደፍኜዋለሁ። ማንም እጁን ባላሳረፈበት ማዕዘን ላይ ደግሞ የማንም ያልሆነ ድካም ጽፌአለሁ። እውነተኛውን ምስክር አባርሬ የሐሰቱን አቆምሁ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያስተዋልሁት ነገር ይህ ነው፤ በዕቃ ላይ ያለ እርጅና ሁሉ ምስክርነት ነው። የወንበር ፊተኛው ጠርዝ ሲያልቅ ሰው ተቀምጦበት እንደ ነበር ይናገራል፤ በቍልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጭረት በጨለማ የገባ ሰው ቍልፉን እንደ ፈለገ ይናገራል። ሰውም እንዲሁ ነው። ካባቱና ከናቱ የወረሰውን ምልክት እያፈረበት የሚፍቅ፥ በምትኩ ያላነበበውን መጽሐፍ እንዳነበበ፥ ያልቀመሰውን መከራ እንደ ቀመሰ ሆኖ የሚታይ ወጣት፥ እኔ በሳጥኑ ላይ ያደረግሁትን በራሱ ላይ ያደርጋል።

ነገር ግን አቀባቡ ራሱ ኃጢአት ነው አልልም። ይህንንም የተረዳሁት በሌላ ቀን ነው። ከወዳደቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ሠርቼ፥ በዚያው ዓይነት ቀብቼ ከደጄ አኖርኋት። አንድ ሰው አይቶ እጅግ ወደዳት፤ «ይህች ከአያቶችህ ዘመን የመጣች ትሆናለች» ብሎ፥ እኔ ካሰብሁት የበለጠ ዋጋ ጠራ። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ደርሶብኝ ነበር። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ዝም ማለቴ ብቻ ይበቃ ነበር። ለጥቂት ጊዜም ዝም አልሁ። ነገር ግን የአክስቴ ጥያቄ ትዝ አለኝና «ጌታዬ፥ ጣውላው አሮጌ ነው፤ ጠረጴዛዋ ግን አዲስ ናት። እዚህ ጋ የሚያዩትን ያሳረጀሁት ባለፈው ሳምንት እኔ ነኝ» አልሁት። ሰውዬው ጥቂት አሰበና ከጠራው ዋጋ ሲሶውን ቀንሶ ወሰዳት። ያ ሲሶ እንዳልቈጨኝ አድርጌ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ኪራዬን ለመሙላት ተበድሬአለሁ። ሆኖም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ ያ ሰው ጠረጴዛዋን ለእንግዶቹ ሲያሳይ የሚነግራቸው ታሪክ እውነት መሆኑን ሳስብ ልቤ ያርፋል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አሮጌ ዕቃ ቢደርስህ አትጣለው፤ አድሰው። ነገር ግን ብርጭቆ ወረቀት ከመያዝህ በፊት ዓይንህን ጨፍነህ በእጅህ ዳስሰው፤ የሰው እጅ የጻፈውን ስፍራ ለይተህ ተወው። የላላውን እግር በኮላ፥ የወለቀውን ማጠፊያ በብሎን አስቀድመህ አጥብቅ፤ ቀለም የላላ እግር አያቆምምና። በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል በ1978 የተከለከለው ስለዚህ ነው። ስለዚህ በደረቁ አትፋቅ፤ አርጥበህ፥ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፥ ልጆች በሌሉበት ስፍራ ፋቅ። ለጌጥ ብለህ ያሳረጀኸውንም፥ ለጠየቀህም ላልጠየቀህም፥ «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» በል። ጌጥ መሆኑ ከተነገረ ማንንም አይጐዳም፤ ጌጡ ሐሰት የሚሆነው ባለቤቱ ዝም ሲል ነው።

የእናቴ ሳጥን እስከ ዛሬ በመኝታዬ አጠገብ አለ። የፋቅሁትን መመለስ አይቻለኝምና እንዳለ ተውሁት። በየማለዳው ክዳኑን አነሣለሁ። በቅርቡ ባየው፥ በክዳኑ ከንፈር መካከል፥ ሻማ ባልነካው ስፍራ፥ ነጩ ቀለም በአውራ ጣቴ ልክ መሳሳት ጀምሮአል።