ገጹ ስንት ኪሎባይት ነው?

«መተማ» የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይት ይመዝናል። ሦስት ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ያንኑ ስም በላቲን ስትጽፉት ፊደሉ ሰባት ይሆናል፣ ባይቱም ሰባት ብቻ። ምክንያቱ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሲነድፉት የእንግሊዝኛን ፊደል በአንድ ባይት ተዉት፤ ሌላው ዓለም እንደየቦታው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እንዲከፍል ሆነ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። የደረሰው ቦታ ሦስት ባይት የሚያስከፍለው ሰፈር ነው።

ይሄን እንደ በደል የሚያወሩ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ብዙም አያናድደኝም። አንደኛ፣ «መ» ብቻዋን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለምትሸከም ቃሎቻችን በፊደል ቁጥር አጭር ናቸው። ሁለተኛ፣ ከዩኒኮድ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ሦስት ባይት ቢከፍል አያማርርም። ያኔ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ፍርስራሽ ነበር የሚወጣው። እና ደግሞ ጽሑፍ በባህሪው ቀላል ነገር ነው። አሁን የምታነቡት የሚያህል ርዝመት ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 20 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ነው። ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ባይት የምቆጥረው ስስታም ስለሆንኩ አይደለም። የግል ድረ ገጼ ላይ የምጽፈው ስላደግኩበት ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው፤ ስለ መተማ ዮሐንስ፣ ስለ ገንዳ ውኃ፣ ስለ ቋራ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ስለሚወርዱት ሠራተኞች፣ መተማንና ጋላባትን ስለሚያገናኘው ድልድይ፣ ገበያ ላይ አማርኛና አረብኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚደባለቁ። መተማ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ መሆኗን። ከዚያ ወዲህ ያለው መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት ማንም ያልኖረበት ይመስላል። እኔ ይሄን ክፍተት እሞላለሁ ብል አፌ ከእጄ ይበልጣል፤ ያሉኝ ሃምሳ ስድስት ጽሑፎች ናቸው። ግን የተጻፈላቸው ሰዎች እንዲያነቧቸው እፈልጋለሁ። ስለ መተማ የተጻፈ ነገር አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ብቻ ከተነበበ ምኑ ላይ ነው ስለ መተማ የሆነው?

እዚያ ደግሞ ከከተማ ወጣ ስትሉ ስልኩ አናት ላይ የሁለተኛው ትውልድ ኔትዎርክ ምልክት ትመጣለች። እዚያ ላይ በሴኮንድ 12 ኪሎባይት ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ። ዛሬ ድሩ ላይ ያለ መካከለኛ ገጽ ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል፤ በዚህ ፍጥነት ሦስት ደቂቃ ሊጠጋ ነው። ሦስት ደቂቃ የሚጠብቅ አንባቢ የለም። እኔም አልጠብቅም። 20 ኪሎባይት ግን ሁለት ሴኮንድ አይሞላም።

ስለዚህ የገጼ ሶፍትዌር በጣም አሰልቺ ነው። እንደ ዎርድፕረስ ያለ ሥርዓት አንባቢ በመጣ ቁጥር ከመረጃ ቋት እየቀዳ ገጹን እንደ አዲስ ይጋግራል። የኔ አንዴ ላፕቶፔ ላይ ተጋግሮ ያልቃል። ጽሑፉን በተራ የጽሑፍ ፋይል እጽፋለሁ፣ ሁጎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀይረዋል፣ ጊት የትኛው ቃል መቼ እንደተቀየረ ይመዘግባል። አለቀ። የማስታወቂያ ኮድ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ፎቶም ከስንት አንዴ ነው። ፊደልም አልጭንም፤ አንድ የአማርኛ ፎንት ብቻውን ከጽሑፉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ኖቶ የሚባለውን የኢትዮጵያ ፊደል ይዘው ነው የሚመጡት። መልኩን አይቶ «ይሄ የ1990ዎቹ ነው እንዴ?» ያለኝ ዲዛይነር ጓደኛዬ አልተሳሳተም።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። ቤቴ መደርደሪያ ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ራስበሪ ፓይ አለች፤ አንድ ድረ ገጽ ለመሸከም ከበቂ በላይ አቅም አላት። ችግሩ በሩ ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ስትገናኙ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ግን አንድ በር ብቻ ያለው ግቢ አስቡ፦ ከውስጥ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፣ ከውጭ መጥቶ የእኔን ክፍል የሚያንኳኳ ግን የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በወር 5 ዶላር የምትከራይ ትንሽ ሰርቨር ይዣለሁ።

5 ዶላር ስትባል ትንሽ ትመስላለች። እዚህ ተቀምጦ መክፈል ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ካርዱ ያለው ውጭ ያለ ዘመድ ነው፣ እኔ ለእናቱ በብር እሰጣለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያቺው ሰርቨር፣ ያው ሃምሳ ስድስት ጽሑፍ፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ዶሜይኑ ነው። የገጹ ስም በየዓመቱ ይታደሳል፣ የተመዘገበውም በከፋዩ ስም ነው። ዘመዴ ስልኩን ቢቀይር ወይም ብንጣላ (አንጣላም፣ ግን ሰው ነን) የመተማ ታሪክ አድራሻ የሚወሰነው በእሱ ኢሜይል ነው።

አድራሻ በኢትዮጵያ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ2004 የተመሠረተው ዞን ዘጠኝ ገጹ ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ተደረገ፤ በሚያዝያ 2006 ደግሞ ስድስት ጸሐፊዎቹ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በ2010 ሰኔ ላይ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ከእገዳ ሲወጡ እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ዶርም ውስጥ ሲከፈቱ እያየን የተሰማን ደስታ ትዝ ይለኛል። ያኔ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ይሄ አንድን አድራሻ መርጦ መዝጋት አይደለም፤ ሁሉም ነገር ነው የጠፋው። የኔ ሰርቨር አውሮፓ ውስጥ ያለምንም እክል ይሠራ ነበር። በየጠዋቱ የጉብኝት መዝገቡን ስከፍት ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አንባቢዎች አያለሁ። ከተጻፈላቸው ሰዎች አንድም የለም። ድንበሩ ማዶም ቢሆን መላ አልነበረም፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ነበር፣ በ2016 ጥር መጨረሻ ደግሞ የአብዛኛው ሱዳን ኔትዎርክ ጠፋ። በዚያ ሰሞን መተማ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢዞር ኢንተርኔት አያገኝም ማለት ነው።

የድር መሐንዲስ እንዲህ ባለ ጊዜ ያለው ዕድል ትንሽ ነው። ሰርቨሩን ማፋጠን አይረዳም። ገጹን ማቅለል አይረዳም። የቀረው ሰርቨሩን ራሱን ወደ አንባቢው መላክ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ከተሠራ ቆይቷል። የኔ ደግሞ ከዊኪፔዲያ ጋር ሲተያይ ምንም ነው፦ ሃምሳ ስድስቱም ጽሑፎች ተደምረው አንድ ተኩል ሜጋባይት አይሞሉም። መተማ ዮሐንስ ሱቅ ላለው ወንድሜ ራስበሪ ፓይ ዜሮ ሁለት አዘጋጀሁለት። ማስቲካ ፓኬት የምታክል ናት፤ የማስታወሻ አቅሟ 512 ሜጋባይት፣ የምትበላው ኃይል አንድ የስልክ ፓወር ባንክ ቀኑን የሚያውላት ያህል። ሥራዋ አንድ ነው፦ «መተማ» የሚል ዋይፋይ ትከፍታለች፣ የገባውን ስልክ ሁሉ ወደ ገጹ ትወስዳለች። መንገድ ሲከፈት በሰው እጅ፣ ከካልሲ ጋር ተጠቅልላ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጋ ወረደች።

ለመብራት የነበረኝ ስጋት ይህ ነበር፦ እነዚህ ማሽኖች የሚነሱት ከሚሞሪ ካርድ ነው፣ እየጻፉ ሳለ መብራት ሲሄድ ደግሞ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ማንበብ ብቻ እንዲፈቅድ አድርጌዋለሁ፤ መብራቱ በቀን አሥር ጊዜ ቢሄድ የሚጎዳ ነገር የለም። ለሙቀቱ ግን የሶፍትዌር መፍትሔ የለም። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው እንዲያውም ሌላ ነው። ራስበሪ ፓይ የውስጥ ሙቀቷ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ከጣሪያው ማገር አጠገብ ሰቀላት፣ ሲግናሉ ሩቅ እንዲደርስ። ከዚያ በራሱ ጊዜ አውርዶ የውኃ እንስራው ከሚቀመጥበት ጥግ፣ ግድግዳው ላይ አደረጋት። ቅዝቃዜ የት እንዳለ ከኔ የተሻለ ያውቃል። የተቀረው የርቀት ጉዳይ ነው፤ ማንበብ የፈለገ ሰው ሱቁ በረንዳ ድረስ ይመጣል።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ስልኮች ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ላይ ሲገቡ «ኢንተርኔት የለውም» ብለው ይወጣሉ። ወንድሜ ስኳር እየመዘነ «‘የለውም’ ሲላችሁ ‘ይሁን’ በሉት» እያለ ያስተምራል። ሙሉውን የሚፈልግ ደግሞ ሁሉም ጽሑፎች ያሉበትን አንድ ፋይል በዜንደር ይቀበላል፤ ከአንድ ዘፈን ያንሳል። እርሻ ቦታ የሚወርዱ ልጆች እንደዚያ ይዘውት ይሄዳሉ። ለክረምት ዝናብ፣ ካምፕ ውስጥ።

የሞባይል ኢንተርኔቱ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በየከተማው እየተመለሰ ሲመጣ ሳጥኗን እንድትወርድ ላደርጋት አሰብኩ። ወንድሜ እምቢ አለ። «ካርድ መሙላት የማይችል ሰው አለ» አለኝ። ትክክል ነው፤ ኢንተርኔት መኖሩና ሰው መግዛት መቻሉ ሁለት ነገር ነው።

ግን በእጅ የሚሄድ ፋይል ድር ላይ ከሚቀመጥ ገጽ በአንድ ነገር ይለያል፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ሰርቨሬ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነገ ጠዋት አርሜ፣ ሰርዤ፣ ስም ቀይሬ መተኛት እችላለሁ። ከሱቁ በዜንደር የወጣውን ግን ማንም አይመልሰውም። ቆላው ሰላም አይደለም፤ ድንበሩም፣ መንገዱም። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ለማን እህል እንደሸጠ የሚል ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ሲነበብ ታሪክ ነው፣ ኬላ ላይ በሰው ስልክ ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ስለዚህ ለሳጥኗ የማዘጋጀው ቅጂ ከድሩ ይለያል። በሕይወት ያለ ሰው ስም አይገባም፣ የመንደር ስም ሲያስፈልግ ይወጣል፣ ፎቶ የለም። ስሞቹን የሚያስወጣ ትንሽ ፕሮግራም አለኝ፣ አላምነውም፤ ከሱ በኋላ ሃምሳ ስድስቱንም በዓይኔ አነባለሁ። ሁለት ምሽት ይወስዳል።

አንድ ሽማግሌ ግን በዚህ ተቀይመውኛል። ስለ ድሮው የጋላባት ገበያ ብዙ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ግማሹ ጽሑፍ የሳቸው ነው ማለት ይቻላል። የልጅ ልጃቸው ሱቁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችላቸው። እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙና ወንድሜን ጠሩት።

«ይሄ ‘አንድ አዛውንት’ የሚለው እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ስም የለኝም? ወንድምህን እንዲህ በለው፤ እኔ ምንም አላጠፋሁም። ስሜን ይጻፈው።»

ወንድሜ ይሄን በስልክ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ስማቸው አራት ፊደል ነው፣ ከነአባታቸው ስምንት። 24 ባይት፣ ክፍተቷን ስትጨምሩ 25። ደውዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ «አንተ ፈርተህ ነው እንጂ እኔ ሰባ ዓመት እዚሁ ነኝ» አሉኝ። የሚቀጥለው ቅጂ የሚወርደው ለአጨዳው፣ ጥቅምት ላይ ነው። ፋይሉ ተከፍቶ ላፕቶፔ ላይ አለ።