በአባያ ላይ አየር ተሳፍሮ መሄድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሶዶ በኩል ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ሸቻ ሰፈር ጠርዝ ወጥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ ሁለት ሐይቆች ከሥሩ ተዘርግተው ያያል። በስተግራው ያለው አባያ ነው፤ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን መልኩ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ውኃ ይመስላል። በስተቀኙ ያለው ጫሞ አነስ ያለና ሰማያዊነት ያለው ነው። በመካከላቸው የተጋደመውን ጎባጣ ምድር የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል፤ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝለት አይመስለኝም።

ተማሪዎቼ በፊልም ላይ የአየር በርሜል በጀርባቸው አዝለው ከባሕር በታች የሚዋኙ ጠላቂዎችን ባዩ ቁጥር፣ «መምህር፣ እኛስ ለምን በአባያ አንጠልቅም?» ይሉኛል። ስለ ጥልቀቱ ከሆነ አያስቸግርም፤ አባያ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በዚያ ደለል ውስጥ የገባ ሰው የገዛ እጁን ማየት ይሳነዋል፤ አዞው ግን አካባቢውን ለማወቅ የግድ ብርሃን አያስፈልገውም። በ2010 ዓ.ም. በአባያ ዳር ምእመናንን ያጠምቅ የነበረ አንድ ፓስተር በአዞ ተነጥቆ ሞቷል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ አጭር ነው።

ይሁን እንጂ አየር ይዞ ወደ ውኃ መውረድ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የሐይቆቹ ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ታንኳ፣ በውኃ ዳር ከሚበቅል እጅግ ቀላል እንጨት ነው፤ ሱዳኖች አምባች የሚሉት ዛፍ ነው። ግንዶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በገመድ ይታሰራሉ፣ የፊቱ ጫፍ ሾጠጥና ቀና ይደረጋል፣ ሰውየውም መረቡን ይዞ ይቀመጥበታል። ውኃ በግንዶቹ መካከል እንደ ልቡ ይወጣል፣ ይገባል። ይህ ታንኳ ተቀዶ ውኃ ይገባበታል ብሎ የሚሰጋ የለም፤ ቀድሞውኑ ገብቶበታል!

ታዲያ የሚያንሳፍፈው ምንድን ነው? በእንጨቱ ውስጥ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች የታሰረው አየር ነው። አንድ ሊትር አየር በውኃ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ሸክም ይችላል። እንጨቱ ቀን ከቀን ውኃ እየመጠጠ ሃያ ሊትር አየር ቢያጣ፣ ታንኳው ሃያ ኪሎ የመሸከም ኃይል አጣ ማለት ነው፤ ይኸውም የአንድ መልካም ቀን የነጭ ዓሣና የቆሮሶ ምርት ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ በዚህ ብቻ አይቆምም። ታንኳው ዝቅ ባለ መጠን የሰውየው እግር ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ጉማሬ ከሥር ብቅ ቢል ደግሞ በቀላሉ ይገለበጣል።

ይህን ዓይነቱን የአየር ማምለጥ ማንም በሙጫ ሊደፍነው አይችልም፤ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ሥራ ሲያበቃ ታንኳው ከውኃ ተስቦ ይወጣል፣ ይደርቃል። የጣና ባላንጣው የደንገል ታንኳም ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ውኃውን እንዲያንጠፈጥፍ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ደርቆም አልቀል ያለ ግንድ ይጣልና በሌላ ይተካል።

የዘመናዊው ጠላቂ ጭንቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1943 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን የሠሩት መሣሪያ ሰውን ከገመድና ከቱቦ ነጻ አወጣው፤ በርሜሉ የያዘውም፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ንጹሕ ኦክሲጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ግን በርሜሉና መተንፈሻው በሚጋጠሙበት ስፍራ ካለች፣ ከጣት ቀለበት ከማትበልጥ ጎማ ነው። ጎማዋ በፀሐይ ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች፣ አሸዋም ከገባባት፣ አየሩ እየፏጨ ይወጣል። አዋቂዎቹ ብሎኑን በኃይል አያጠብቁም፤ አየሩን ዘግተው፣ ግፊቱን አስወጥተው፣ ጎማዋን በአዲስ ይተካሉ። ቀዳዳው የት እንዳለ ካልታወቀ የሳሙና ውኃ ይቀባል፤ አረፋ የተነፋበት ቦታ እርሱ ነው። የአርባ ምንጭ ጎሚስታ የብስክሌትን የውስጥ ጎማ በውኃ ሳፋ ውስጥ እየነከረ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የጎማው ቀዳዳ ሲለጠፍ የጠላቂው ቱቦ ግን ከተበሳ ፈጽሞ አይለጠፍም፣ ይጣላል። መተንፈሻውን ፈትቶ መጠገንም ለዚያ ለተማረ ባለሙያ ብቻ የተተወ ነው።

አንባቢዎቼ ወደ አርባ ምንጭ ብትመጡ አዞ ገበያን ሳታዩ እንደማትመለሱ አውቃለሁ። በሞተር ጀልባ ጫሞን አቋርጣችሁ፣ ግዙፎቹ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁበትን ዳርቻ ታያላችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን የሚሰጣችሁን የመንሳፈፊያ ሰደርያ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። በስፖንጅ መሰል ነገር የተሞላው፣ የአየር ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለ ሆኑ፣ የአምባች የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቢቀደድ እንኳ አየሩን አንድ ጊዜ አይለቅም። የሚነፋው ዓይነት ከሆነ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ እርሱን ነፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ልል መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። ሙሌቱ የተፈረካከሰ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ሆኖ ካገኛችሁት ሌላ ጠይቁ፤ ይህንም የምታደርጉት ገና ደረቅ ምድር ላይ ቆማችሁ ሳላችሁ ነው።