መንፈስ የሌለበት ሆረር

ሆረር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው መንፈስና ቫምፓየር ነው። ፉሪ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ከበን ያየናቸው ሁለት ፊልሞች ግን አንዱም የላቸውም። እንቅልፍ ግን ነሱን።

የመጀመሪያው እንግሊዞች እስከ ዛሬ የሚሳሱለት «ዘ ዊከር ማን» ነው። ሮቢን ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1972 ስኮትላንድ ውስጥ ቀረጸው። ታሪኩ አበባ የሚፈነዳበት ወቅት ነው፤ ቀረጻው ግን በጥቅምትና በኅዳር ብርድ። ስለዚህ ዛፎቹ ላይ የውሸት አበባ ተለጠፈ! አከፋፋዩ ፊልሙን ቆራርጦ በ1973 ከሌላ ፊልም ጋር ደርቦ አወጣው፤ ዋናው ኔጋቲቭም የገባበት ጠፋ። ነፍስ የዘራበት ተመልካቹ ነው። ታሪኩ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ ምርት ነጠፈ፣ የደሴቲቱ ሰዎች የሚሠዉት ሰው ፈለጉ። በቃ።

ሁለተኛው የራሳችን ነው፤ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ተቀረጸ። ጭራቁ ማን መሰላችሁ? ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጭሰኞቹ ላይ የሚያንባርቅ ባለርስት። በሕልም ሰዎች እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ ስናይ ከመካከላችን ትንፍሽ ያለ አልነበረም።

የሁለቱም ፍርሃት አንድ ነው፦ ለአንዱ ምርት የሌላው ሥጋ ይከፈላል።

«የድሮ ታሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የገጠር መሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ወጣ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ሲበቃ ባለርስቱ በወረቀት ሞቷል። ታዲያ ዛሬም ለምን ያስፈራናል?

መልሱ ከመስኮታችን ውጭ ነው። ፉሪ ትናንት ማሳ ነበረች። እኛ የተከራየነው ቤት የቆመው ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። በሰፈራችን አንድ አባት አሉ፤ ድሮ ያርሱት በነበረው መሬት ላይ የተሠራውን ፎቅ አሁን በዘበኝነት ይጠብቃሉ። ጠዋት ስናልፍ «እንዴት አደራችሁ አባባ?» እንላለን፤ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

የዊከር ማን ደሴት ፖም ትጠብቅ ነበር፤ የእኛ ከተማ የምትጠብቀው ፎቅ ነው። ምርቱ ተለወጠ እንጂ ከፋዩ ያው ገበሬው ነው። መንፈስ ቢሆንማ ጸበል ይበቃው ነበር።