የረጋው ደም አማና

አካላችን አማና ነው እንላለን፤ ትርጉሙ የሚገባን ሲታመም ነው። ባለፈው ዓመት የመጨረሻው መንጋጋዬ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሐኪሙ አጥብቆ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር፤ በጉድጓዱ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነውና እንዳይነሳ። ከተነሳ አጥንቱ ይራቆታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ይከተላል።

ስለዚህ ጎዙን 30 ደቂቃ ያህል ነክሼ ቆየሁ። ለ24 ሰዓት አልተጉመጠመጥኩም፣ በኃይል አልተፋሁም። የጨነቀኝ ዉዱእ ነበር። ሆኖም በመድረሳ እንደተማርነው፣ በሻፊዒይ መዝሀብ በዉዱእ ላይ አፍን መጉመጥመጥ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም። ያን ቀን ተውኩት፤ ልቤም ተረጋጋ።

እናቴ ትኩስ ቡና ስታቀርብልኝ፣ «እማዬ፣ ለዛሬ ይቅርብኝ» ብዬ የቀዘቀዘ አጥሚት ጠጣሁ። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ፣ ከምግብ በኋላ አፌን በቀስታ ታጠብኩ።

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ሲጋራ የምታጨሱ በእነዚያ ቀናት ተዉት፤ ቁስሉን ያዘገያል። ደሙ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሕመሙ ከ3 ቀን በኋላ ከባሰ ግን «ሰብር አደርጋለሁ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ወደ ሐኪም መሄድም አማናን መጠበቅ ነው።